የሩፋኤል ዝናብና የአባቴ ድንች

በቀደም ትከሻዬ አልታዘዝ ብሎኝ ሐኪም ቤት ሄጄ ነበር። ያየኝ ሐኪም የልጅ ልጄን የሚያክል ነው። “እማማ፣ ቀኝ እጅዎን በራስዎ ላይ አሳልፈው ግራ ጆሮዎን ለመንካት ይሞክሩ” አለኝ። ሞከርኩ። ጣቴ አናቴ ላይ ደርሶ ቀረ። “ትንሽ ይቀራል፣ አይዞዎት” ሲለኝ ሳቄ አመለጠኝ። ልጁ በእሱ የሳቅሁ መስሎት ደነገጠ። ምን ብዬ ላስረዳው? እናንተ እኩዮቼ እዚያ ብትኖሩ አብራችሁኝ በሳቃችሁ ነበር። በእኛ ጊዜ እኮ ትምህርት ቤት የሚገባው በልደት ካርድ ሳይሆን በጆሮ ነበር። እጁ በራሱ ላይ ዞሮ የወዲያኛውን ጆሮ የነካ ልጅ ይመዘገባል፣ ያልነካ ለከርሞ ይባላል። እኔ ደግሞ ከሰፈራችን ልጆች ሁሉ አጭሯ ነበርኩ።

ልጅ እያለሁ፣ በጃንሆይ ጊዜ ማለቴ ነው፣ ኮተቤ ዛሬ የምታዩት ኮተቤ አልነበረም። ቤታችን ከመንገዱ ወደ ተራራው ከፍ ብሎ፣ ከባሕር ዛፉ ደን በሚወርድ ጅረት ዳር ነበር። አባቴ የሚኖረው በአትክልት ነው። በክረምት ድንችና ጎመን፣ በበጋ ደግሞ ጅረቱን በቦይ እየጠለፈ ሰላጣ፣ ካሮትና ቀይ ሥር ያለማል። ጎረቤቱ ግማሹ አማርኛ፣ ግማሹ ኦሮምኛ ተናጋሪ ነው፤ እኛ ልጆች በአንዱ ተጣልተን በሌላው እንታረቃለን። ክረምቱ ሊወጣ ሲል ደጁ ሁሉ እርጥብ አፈርና የበሰበሰ የጎመን ቅጠል ይሸታል። ሽቶ ነበር ብዬ አልዋሽም። ግን ዛሬም ገበያ ውስጥ ያ ሽታ ሲያገኘኝ እግሬ ይቆማል።

ካሳ የሚባል ታላቅ ወንድም ነበረኝ። እሱ ጆሮውን ከነካ ቆይቶ ሁለተኛ ክፍል ደርሷል። እኔን “ድንቢጥ” ነበር የሚለኝ። በዚያ ላይ እግሬን ዘርግቼ ተቀምጬ ካገኘኝ ሆን ብሎ ይሻገረኛል። የተሻገሩት ልጅ እንደማያድግ የማያውቅ የለም መቼም። “መልሰህ ተሻገር!” እያልኩ ቤቱን ሳናጋው እማዬ ማማሰያዋን ይዛ ካልወጣች አይመልስም። ጠዋት ጠዋት ትምህርት ቤት ሲሄድ እስከ መንገዱ እከተለውና እዚያው ቆሜ እቀራለሁ። ደብተር መያዝ ያምረኝ ነበር፤ ከደብተሩም ይልቅ ደብተር ይዞ መሮጥ።

ተስፋዬ በሙሉ ጳጉሜ ሦስት ላይ ነበር። የሩፋኤል ለት የሚዘንበው ዝናብ ጸበል ነው፤ ልጅ ወጥቶ ከታጠበበት ያድጋል። እማዬ ብላኛለች፣ ጎረቤታችን አዴ ዲንቂቱም ብለውኛል። ሁለቱ ሴቶች አንድ ነገር ላይ ከተስማሙ ደግሞ ነገሩ እውነት ነው። በመስከረም ምዝገባ አለ። ስለዚህ ሩፋኤል ካዘነበልኝ አድጋለሁ፣ ካደግሁ ጆሮዬን እነካለሁ፣ ከነካሁ እማራለሁ።

ችግሩ ድንቹ ነበር። የዚያን ዓመት ክረምቱ በርትቶ የድንቹ ቅጠል ያለ ጊዜው መጥቆር ጀመረ። ቅጠሉ ከጠቆረ በኋላ ሥሩን ቶሎ ካላወጡት መሬት ውስጥ እንዳለ ይበሰብሳል። አባባ ጎረቤቱን ለደቦ ጠራና ጳጉሜ ሁለት ቀን ሰው ሁሉ ዶማውን ይዞ ወጣ። ሲቆፈር ዋለ፣ ሲለቀም ዋለ። አዲሱን ድንች ከነልጣጩ ቀቅለን በሚጥሚጣ እያጠቀስን በላን። አዴ ዲንቂቱ አጎንብሰው እየለቀሙ በኦሮምኛ አንድ ነገር ጣል ያደርጋሉ፣ ወንዶቹ በሳቅ ይፈርሳሉ፣ እማዬ “ልጆች አሉ!” ትላለች። ማምሻውን ደጃችን ከጫፍ እስከ ጫፍ ድንች ሆነ። ጭቃ እንደነከሰ ቤት ከገባ ይበላሻል፤ አንድ ቀን ፀሐይ ሊመታው ይገባል። ያ ቀን ደግሞ ሩፋኤል ሆኖ አረፈው። የእኔ ልብስና ደብተር የሚገዛውም ከዚሁ ድንች ነው።

እራት ላይ አባባ ጣሪያ ጣሪያውን እያየ፣ “ዘንድሮስ ሩፋኤል በደረቁ ቢያልፈን ምን አለበት” አለ።

እማዬ አማተበች። “አፍህን! መልአኩን ደግሞ አታዝንብ ልትለው ነው?”

“አታዝንብ አላልኩም። ሌሊት ቢያደርገው ነው ያልኩት።”

“እኔ ቀን ነው የምፈልገው” አልኩ። “ሌሊት ከሆነ አታስወጡኝም።”

አባባ ዞር ብሎ አየኝ። ቤት ውስጥ ብዙ የማይናገር ሰው ነበር፤ ሲስቅም በዐይኑ ብቻ ነው። “እንግዲህ አንቺም ለምኚ፣ እኔም እለምናለሁ። የማናችንን እንደሚሰማ እናያለን” አለኝ።

“የድንቢጥን አይሰማም። ከላይ ሆኖ አትታየውም” አለ ካሳ። ማማሰያው አጠገብ ስላልነበረ ተረፈ።

በማግስቱ ጠዋት ሰማዩ ጥርት ብሎ አደረ። አባባ ማታ ያለበሰውን ጭድ ከድንቹ ላይ ገፎ፣ ነጠላውን ለብሶ ቤተ ክርስቲያን ሳመና ተመለሰ። ደስ ብሎታል። እኔ ደግሞ ደጁ ላይ ተቀምጬ ሽቅብ ሳይ አንገቴ ደነዘዘ። እኛ ሰፈር ዝናብ የሚመጣው በእንጦጦ ራጉኤል በኩል ነው፤ ያ ኮረብታ ጉም ከለበሰ ብዙ አይቆይም። ከምሳ በኋላ በዚያ በኩል ጠቆር አለ። ብድግ አልኩ። አባባን አየሁት፤ እሱም ኮረብታውን እያየ ነው። ተያየን። ተነሥቶ ወደ ጭዱ ሄደ።

ከዚያማ ወረደ! የሰፈሩ ልጆች ልብሳቸውን ጥለው “ሩፋኤል አሳድገኝ!” እያሉ ወጡ። እኔም ቀሚሴን አውልቄ ወጣሁ። ዝናቡ ቀዝቃዛ ነው፣ ትንፋሽ ያሳጥራል። ሁለት እጄን ወደ ላይ ዘርግቼ፣ እጄም አብሮ ይደግ ብዬ ነው፣ እየጮህኩ ስዞር አባባን አየሁት። ነጠላው ራሱ ላይ ተጣብቆ፣ በአንድ እጁ ጭድ እየበተነ በሌላው ድንች ወደ ቅርጫት ያፍሳል። ጭዱን ንፋስ ይወስድበታል። እማዬ በመልአኩ ቀን እንዴት ሥራ እገባለሁ ብላ በሩ ላይ ቆማ ግራ ገብቷታል። “ማንሣት ሥራ አይደለም!” እያለ ይጮህባታል። እንዲያ ሲርበተበት አይቼው አላውቅም። ጥዬው ማደግ አቃተኝ።

ቀሚሴን አነሣሁና ድንቹን እያፈስኩበት መሮጥ ጀመርኩ። ካሳም የሚታጠቡትን ልጆች ትቶ መጣ። አዴ ዲንቂቱ ራሳቸው ላይ ጆንያ አድርገው ከነቅርጫታቸው ደረሱ። “ልመናው ለዝናብ ነበር፣ ይኸው መጣ፤ ምን ትሮጣላችሁ!” እያሉ ከሁላችንም በላይ እሳቸው ይሮጣሉ። አልጋ ሥር ሞላን፣ መደቡ ላይ ከመርን፣ ምጣዱ ላይ ሳይቀር ድንች ተቀመጠ። ያም ሆኖ ግማሹን ሳናነሣ ዝናቡ ጨርሶ ሄደ። ወጥተን ስናይ ደጅ የቀረው ድንች ላይ ጭቃ የሚባል የለም። ታጥቦ፣ ነጥቶ፣ እንቁላል መስሏል። አባባ አንዱን አንሥቶ አገላበጠውና ፊቱ ጠቆረ። የታጠበ ድንች ውሎ አያድርም፤ ቶሎ ካልተሸጠ ሻጋታ ይበላዋል።

“ነገ ገበያ ይዤው እሄዳለሁ” አለች እማዬ።

በማግስቱ አህያ ጭነን ሾላ ገበያ ወረድን። አባባ ራቅ ብሎ አህያዋን ይዟል። እማዬ ድንቹን በጆንያ ላይ ዘርግታ፣ “የሩፋኤል ጸበል የወረደበት ድንች! ለልጅ ማሳደጊያ!” ብላ ተጣራች። አባባ መሬት ብትውጠው በወደደ። ጠጋ ብሎ፣ “አንቺ ሴትዮ፣ በመልአክ ስም ትነግጃለሽ?” አላት።

“ዋሸሁ? ዘንቦበታል አልዘነበበትም?”

አባባ ወደ አህያዋ ተመለሰ። ሴቶቹ ግን ከበቡን። አንዲት ቀጫጫ ልጅ ያዘለች እናት ጨመር አድርጉልኝ ብላ ሁለት ጊዜ ተመለሰች። ሌሎች ደግሞ ጸበሉን ትተው ንጹሕነቱን ወደዱት። ከሰዓት ሳይሆን ጆንያው ባዶውን ቀረ። ስንመለስ አዲስ ቀሚስና ደብተር በእቅፌ ነበር። አባባ እስከ ኮተቤ ድረስ ለብቻው ፈገግ እያለ ሄደ።

ትምህርት ቤት የወሰደኝ እሱ ነው። መዝጋቢው ከረባት ያሠረ ሸንቃጣ መምህር ነበር። እጄን በራሴ ላይ አዞርኩ፣ ዘረጋሁ፣ ትንፋሼን ይዤ ጎተትኩ። ጣቴ ከጆሮዬ በላይ ጠጉሬ ላይ ቀረ። “ለከርሞ ያምጧት” አለ መምህሩ።

አባባ ባርኔጣውን በሁለት እጁ ይዞ፣ “ሩፋኤል ተጠምቃለች እኮ፣ ጌታዬ” አለው።

መምህሩ አልሳቀበትም። “ሩፋኤልማ ያሳድጋል፣ አባት። ግን አንድ ዓመት ይስጡት” አለው።

መንገዱን ሁሉ አለቀስኩ። አባባ እጄን ይዞኝ ሄደ። ቤት ስንደርስ እማዬ ደብተሩን ሳጥን ውስጥ ቆለፈችው። እሱ ጓሮ ዞሮ አንዲት ትንሽ መኮትኮቻ ይዞ መጣና፣ “በይ ተነሽ፤ እስከ ከርሞ ሥራ ፈትተሽ አትቀመጪም” አለኝ። ቦዩ ዳር አንድ መደብ ለኔ ሰጠኝ። ቀይ ሥር ዘራሁበት።

ያ ዓመት እንዴት ያለ ዓመት ነበር! ካሳ ትምህርት ቤት፣ እማዬ ገበያ፣ እኔና አባባ ቀኑን ሙሉ አትክልቱ ውስጥ። ያ ቤት ውስጥ አፉ የማይፈታ ሰውዬ ለካ ወሬኛ ኖሯል። ሰላጣ እያጠጣ ስለ ልጅነቱ ያወራኛል፤ ከዛፍ ላይ ስለ መውደቁ፣ እማዬን ለማግባት ስለ ለበሰው የተዋሰ ኮት። የዚያን ኮት ታሪክ ለካሳ እንዳትነግሪ ብሎኝ ስለነበር እስከ ዛሬ አልነገርኩትም። ውሃውን ከቦዩ ወደ መደቤ የምመልሰው በእግሬ ጭቃ እየደፈንኩ ነው። አልፎ አልፎ “እስቲ እጅሽን” ይለኛል። አዞራለሁ። ቀረብ ብሎ ያይና “ትንሽ ይቀራል” ብሎ ወደ ሥራው ይመለሳል።

ግንቦት ላይ ይመስለኛል፣ ካሮት እየነቀልን “እስቲ እጅሽን” አለኝ። አዞርኩ። ጣቴ ጆሮዬን ነካ። ነክቷል፤ ቆንጠጥ ሁሉ አደረግሁት። እሱም አይቷል። በእጁ የያዘውን ካሮት አፈሩን አራገፈ። ከዚያ “ትንሽ ይቀራል” አለና ጎንበስ ብሎ መንቀሉን ቀጠለ። ምን ነካው ብዬ ተናደድኩ፤ ልናገር አፌን ከፈትኩና ሳየው ወዲያ ዞሯል። እኔም እጄን አወረድኩና ካሮቴን ነቀልኩ። በሚቀጥለውም ወር እንዲሁ አደረግን።

በመስከረም ወሰደኝ። ጆሮዬን ከነጉትቻዬ ያዝኩት። አባባ ገና መምህሩ ሳይናገር “ደርሳለች!” አለ፤ ድምፁ ግን እንደ ቃሉ አልነበረም። እኔ ዞር ብዬ ሳላየው ወደ ክፍል ሮጥኩ። ከዚያ በኋላ ትምህርት ወሰደኝ፣ መምህርነት ወሰደኝ፣ ትዳር ወሰደኝ። ከአባቴ ጋር ጠዋት ጀምሬ እስከ ማታ የዋልኩት ያችን ዓመት ብቻ ነው። አሁን አፈር ከለበሰ ብዙ ጊዜው ነው፣ ነፍሱን ይማረው። ያኔ ያለቀስኩበትን “ለከርሞ” ዛሬ የሚለኝ ባገኝ ከነትከሻዬ እሮጥ ነበር።

ዛሬ የምኖረው መሪ ሰፈር፣ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። የድንቹ ማሳ ሕንፃ ሆኗል፤ ጅረቱ በየትኛው ቱቦ እንደሚሄድ እንጃ። ትንሿ የልጅ ልጄ አምና ለሩፋኤል ባልዲ በረንዳ ላይ አውጥታ ጠብታ ለቅማ ፊቷን ታጠበችበት። እሷ ለመማር ጆሮዋን መንካት አያስፈልጋትም፤ ገና በሦስት ዓመቷ ገብታለች። ደስ ይላል። ብቻ አንዳንዴ፣ ምን አስቸኮላቸው እላለሁ።

ሐኪሙ ያዘዘልኝን እንቅስቃሴ ጠዋት ጠዋት መስኮቱ ጋ ቆሜ አደርጋለሁ። ዛሬ ጣቴ ጆሮዬን ነካ። ልጄ ከኋላዬ መጥታ “እማዬ፣ ደረሰልሽ እንዴ?” አለችኝ።

“ትንሽ ይቀራል” አልኳት።