በበረዶ አገር እርጥብ ሳር

ጅማ አጠገብ ካለችው የቡ የወጣሁት ቡና በሚለቀምበት ወቅት ነው። በዋዜማው ምሽት ቤታችን ጢም ብሎ ሞልቶ ነበር። ጎረቤቱ ሁሉ ሊመርቀኝ መጥቶ፣ በርጩማው አልበቃ ብሎ ገሚሱ የቡና ጆንያ ላይ ተቀምጧል። ለግብርና ትምህርት ሩሲያ መሄዴ ነው። ከጅማ መርካቶ የተገዛልኝን ሳልባጅ ካፖርት ለብሼ፣ ላቤ በጀርባዬ እየወረደ፣ እንደ ሙሽራ ዞር ዞር እያልኩ ለሰው አሳያለሁ። ዱዓው ሲያበቃ አባቴ፣ አባ ፊጣ፣ እጃቸውን አነሱና ቤቱ ጸጥ አለ። አባቴን ለማታውቁ፣ ከየቡ እስከ ሰኮሩ ሰው ሲጣላ፣ ደም ሲፈስ፣ ድንበር ሲገፋ ሽማግሌ ተብለው የሚጠሩት እሳቸው ናቸው።

"ጀማል" አሉኝ፣ "የምትሄድበት አገር ዘመድ የለህም። ሰው ብትበድል ማን ይሄድልሃል? በእግርህ ሂድ። ጥፋቱ የማን ነው እስኪባል አትጠብቅ። እርጥብ ሳርህን ያዝና የተጎዳው ሰው ደጅ ቀድመህ ድረስ።"

በእኛ በኩል ይቅርታ ለመጠየቅ የሚሄድ ሰው እርጥብ ሳር ነቅሎ በእጁ ይይዛል። ሳር የያዘን ሰው ከደጁ የሚመልስ የለም። ምክሩን ቋጥሬ ይዤው ሄድኩ። ምነው ያን ምሽት ጆሮዬን በደፈነው እያልኩ ስንት ጊዜ እንዳሰብኩ አላህ ያውቃል።

የቡ ላይ በላብ ያጠመቀኝ ካፖርት ኡራል ተራራ ስር ስደርስ ነጠላ ሆነብኝ። እዚያ ብርድ አፍንጫ ይቆነጥጣል፣ የዓይን ሽፋሽፍት ያጣብቃል። ምግባቸው ግሬችካ የሚሉት ነገር ነው። ሲያዩት ንፍሮ ይመስላል፤ ንፍሮ ነው ብሎ የጎረሰው ግን ጉዱ ነው። በሁሉም ላይ ስሜታና የሚባል ጎምዛዛ ክሬም ይደፉበታል። ደረጃ ላይ የምታገኙት ጎረቤት ሰላም አይላችሁም፤ እናንተ ካላችሁት ደግሞ ገንዘብ ልትበደሩት የመጣችሁ ይመስለዋል። ትምህርቴን ሳልጨርስ የጋበዘኝ መንግሥት ፈረሰ፣ የላከኝም ፈረሰ። እኔ ግን ሉዳ የምትባል ነርስ አግኝቼ ስለነበር ቀረሁ። ቤት ፍለጋ ስንዞር አንዲት አከራይ በሯን በሰንሰለት ገርበብ አድርጋ ጠየቀችኝ።

"ከየት ነህ?"

"ከኢትዮጵያ።"

"ወለል ላይ እሳት ታነዳለህ?"

"አላነድም።"

"ከበሮስ አለህ?"

"የለኝም።"

"ታዲያ ምን አለህ?"

"ሚስት አለችኝ" አልኳት። ሉዳ ከኋላዬ ብቅ ስትል ሰንሰለቱ ተፈታ።

የቡና አገር ልጅ፣ ግብርና ተምሬ፣ ሥራዬ በመስታወት ቤት ውስጥ ኪያርና ሽንኩርት ማብቀል ሆነ። ውጪው ነጭ፣ ውስጡ አረንጓዴ ነው። አፈሩ ሲሸተኝ የቡ ያለሁ እየመሰለኝ ዓይኔን የምጨፍንበት ቀን ነበር።

ከዚያ ቲሙር ተወለደ። ፓስፖርቴ ላይ የአባቴ ስም የቤተሰብ ስም ተደርጎ ስለተጻፈ ልጄ ቲሙር አባፊጣ ተባለ። በዚያ ከተማ ክረምት ሲገባ የሰፈር ግቢ ላይ ውሃ ያፈሱና ሜዳው በረዶ ይሆናል። ልጆች ከሥሩ ቢላ የተገጠመለት ጫማ አድርገው፣ በቆልማማ ዱላ ትንሽ ጥቁር ጎማ እያሳደዱ ይጫወቱበታል። ሆኪ ማለት ይኸው ነው። ቲሙር ገና ሕፃን ሳለ ሉዳ ያን ጫማ አሰረችለት። እኔ በበረዶው ላይ በአራት እግሬ ስሄድ ልጄ እየሳቀ ዙሪያዬን ይበር ነበር።

አድጎ የከተማችን ቡድን አጥቂ ሆነ። ጎል ሲያገባ የሆኪው አዳራሽ በሙሉ "አ-ባ-ፊ-ጣ!" እያለ ይጮሃል። ስንት ዘመን ሰው ሲያስታርቅ የኖረን ሽማግሌ ስም፣ ነጫጭ የብረት ፋብሪካ ሠራተኞች ቢራ ይዘው ሲጮሁት እሰማለሁ። ደስታዬን ለማን ልንገር? ስሙ የተጻፈበትን መለያ ለአባቴ ላኩላቸው። ግድግዳ ላይ ሰቀሉት። እንግዳ ሁሉ ኳስ ተጫዋች ነው ብሎ ይገምታል፣ እሳቸውም "አይደለም፣ ዱላ ነው የሚይዘው" ይላሉ። በስልክ ግን አንድ ቀን ጠየቁኝ። "ሁሉም ዱላ ይዘው ነው የሚጫወቱት? ሽማግሌ በመሐል የለም?" ዳኛ አለ አልኳቸው። "ዳኛ ሌላ፣ ሽማግሌ ሌላ" አሉኝ።

ቲሙር ከልጅነቱ ጀምሮ የሚያልመው አንድ ነገር ነበር፤ በዋና ከተማው ትልቅ ክለብ መጫወት። በመጨረሻ ጠሩት። የጨዋታ ወቅቱ ሲያልቅ ሊፈርም ተስማሙ። ሉዳ የምትወስድለትን ብርድ ልብስ ሳይቀር አጥባ አጣጥፋ አስቀመጠች።

ነገሩ የሆነው ከጎረቤት ከተማ ቡድን ጋር ሲጫወቱ ነው። ኮስትያ የሚባል ተከላካይ ጎማውን ይዞ ወደ ጥግ ሲሮጥ ቲሙር በትከሻው ገጨው። በዚህ ጨዋታ መጋጨት ይፈቀዳል። ኮስትያ ግን እግሩ ከሥሩ ታጥፎ ከሜዳው አጥር ጋር ሲላተም ጉልበቱ ተሰበረ። ጩኸቱን እኔ ከላይ ሆኜ ሰማሁት። ቲሙር ከቡድኑ ጋር ወደ ሌላ ጨዋታ በአውቶቡስ ሄደ፤ የውድድሩ ኮሚቴ ደግሞ ቪዲዮውን አይቶ ይወስናል ተባለ። ሰው ሁሉ የጨዋታ አደጋ ነው፣ በቀላሉ ያልፋል ይል ነበር።

እኔ ግን አላስችል አለኝ። የሰው ልጅ ተሰብሯል፣ እኛ ቁጭ ብለናል! የአባቴ ድምፅ ከጆሮዬ አልወጣ አለ። ሉዳ "ልጁን ጠይቀው መጀመሪያ" አለችኝ። "በእኛ አገር ይህ አይጠየቅም" አልኳት። አሁን ሳስበው፣ የየቡ ክርስቲያን ጎረቤቶቻችን በገና ሜዳ ላይ ዱላ ይዘው ሲጫወቱ ስንቱ ቅልጥሙ ሲመታ አይቻለሁ። በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ ይሉ ነበር፤ ለዚያ ሽማግሌ የተቀመጠበትን ቀን አላውቅም። ይህን እያወቅኩ ነው የሄድኩት።

ሽማግሌ ያስፈልገኛል። ያገኘሁት ራሂምን ብቻ ነው፣ ገበያ ላይ ፍራፍሬ የሚሸጥ የአዘርባጃን ሰው። ነገሩን ሳልጨርስለት "ገባኝ፣ እኛም እንዲሁ ነን" ብሎ ሱቁን ዘጋ። ሳር ደግሞ በዚያ በረዶ ከየት ይመጣል? ከመስታወት ቤቱ አረንጓዴ ሽንኩርት ከነሥሩ ነቀልኩ።

በሩን የከፈቱልን የኮስትያ አባት ፒዮትር ኢቫኖቪች ነበሩ፤ ጡረተኛ የባቡር ሹፌር ናቸው። አንድ ጥቁር ሰው ሽንኩርት በሁለት እጁ ይዞ አንገቱን ደፍቶ ሲያዩ "አልገዛም" አሉ።

"የቲሙር አባት ነኝ" አልኳቸው። "ልጄ ልጅዎን በድሏል። ይቅር በሉን።"

ሰውየው መጀመሪያ እኔን፣ ቀጥሎ ሽንኩርቱን አዩ። ከዚያ ሽንኩርቱን ከእጄ ተቀበሉና አቀፉኝ። እኔም አለቀስኩ፣ እሳቸውም አለቀሱ፣ ራሂም ደግሞ ከሁላችን በላይ አለቀሰ። ሚስታቸው ሻይ አቀረቡ፤ ከሽንኩርቱ ግማሹን ሰላጣ ላይ ከተፉት፣ ግማሹን ከነሥሩ በማሰሮ ውሃ መስኮት ላይ አስቀመጡት። የዚያን ቀን ያህል እዚያ አገር ሰው የሆንኩበት ቀን የለም።

ኮስትያ ያኔ ቤት የነበረች እህት አለችው። እንዴት ያለ አባት ነው ብላ፣ በቅን ልቧ፣ በስልኳ ቀርጻ ለዓለም ለቀቀችው። አገር ጉድ አለ። ሰው አነባ። ከዚያ ኮሚቴው ጠራኝ።

"ልጅዎ ሆን ብሎ እንደመታ ነግሮዎታል?" አለኝ መነጽር ያደረገው ሰው።

"አልነገረኝም።"

"ታዲያ ለምን 'በድሏል' አሉ?"

"ሰው ስለተሰበረ።"

"ካላጠፋ ይቅርታ ለምን ያስፈልጋል?"

"በእኛ አገር ይቅርታው ይቀድማል፣ ማጣራቱ ቀስ ብሎ ይደርሳል።"

"እዚህ አገር ይቅርታ የሚጠይቅ ጥፋተኛ ነው" አለና ወደ ጸሐፊዋ ዞረ። "አባቱ አምኗል ብለሽ ያዢ።"

"ሽንኩርቱንም ትጻፈው?" ብዬ ጠየቅኩት። አልሳቀም።

ቲሙርን ከቀረው ወቅት በሙሉ አገዱት። ትልቁ ክለብም እንዲህ ዓይነት ስም ያለው ሰው አንፈልግም ብሎ ተወው። ልጄ ቤት መጥቶ ልብሱን ሲሰበስብ በሩ ላይ ቆሜ ነበር።

"አባዬ፣ ሆን ብዬ አልመታሁትም።"

"አውቃለሁ።"

"አታውቅም! ብታውቅ ትጠይቀኝ ነበር። ሰው ሁሉ አደጋ ነው ሲል በድሏል ያልከው አንተ ብቻ ነህ።"

ሻንጣውን ይዞ ወጣ። አሁን ሩቅ ወንዝ ዳር ባለች ከተማ ለትንሽ ቡድን ይጫወታል፤ አዳራሹ ግማሹ ባዶ ነው አሉ። ከእናቱ ጋር ይነጋገራል። እኔ ስደውል አያነሳም። ሁለት ክረምት አለፈ። ልጄ ናፍቆኛል፤ ከየቡም፣ ከቡናውም፣ ከዝናቡም በላይ የናፈቀኝ እሱ ነው።

አባቴ ሲጠይቁኝ "ደህና ነው፣ ይጫወታል" እያልኩ ቆየሁ። ባለፈው አርብ ግን ድምፃቸው ደክሞ ስሰማ መዋሸት አቃተኝና ሁሉን ዘረገፍኩላቸው። ዝናብ የቤታችንን ቆርቆሮ ሲደበድበው በስልኩ ይሰማኛል።

"ሰውየው ይቅር አሉህ?" አሉኝ።

"አሉኝ፣ አባ። እስከ ዛሬም ይደውሉልኛል።"

"ልጅህስ?"

"አባት ልጁን ይቅርታ ይጠይቃል እንዴ፣ አባ?"

"የተጎዳው ማነው?"

"ቲሙር" አልኩ።

"ለሰው ልጅ ሽማግሌ ይዘህ ሄድክ፣ ደግ አደረግህ። ለራስህ ልጅ ማንን ላክህ?"

"እዚህ ማን ሽማግሌ አለኝ? ራሂም እንኳ አገሩ ገብቷል።"

"ኤዬ! ያ ይቅር ያሉህ ሰው ሞቱ እንዴ?" አሉኝ። "ከታረቅክ በኋላ ዘመድህ ናቸው። በል እኔ ሶላት ደርሶብኛል" ብለው ዘጉት።

ከዚያ ፒዮትር ኢቫኖቪች ጋር ደወልኩ። እየተንተባተብኩ፣ አንዴ በሩሲያኛ አንዴ እንዲያው በትንፋሽ ነገርኳቸው። መንገዱ ሩቅ ነው፣ በሩን ላይከፍት ይችላል፣ ቢከፍትም ሰምቶ ሊዘጋብን ይችላል አልኳቸው። እሳቸውም እስከ ዛሬ እያነከሰ የሚሄደውን ልጃቸውን ጠርተው አንድ ነገር ሲሉት ሰማሁ።

"ቅዳሜ እንሄዳለን፣ ኮስትያ ይነዳልናል" አሉኝ። "አንተ ወፍራም ካፖርት ልበስ። ሽንኩርቱን እኔ አመጣለሁ፤ መስኮቱ ላይ በየክረምቱ እየተከልነው ነው።"