ለላሟ ብዬ ያመንኳቸው ጥፋቶች

መቼ እንደሆነ በትክክል ብትጠይቁኝ አላውቀውም። ዓመቱ ጠፍቶብኛል። ማንጎው በስሎ ጣራ ላይ ዱብ ዱብ የሚልበት ሰሞን እንደነበር ግን አስታውሳለሁ። ልጄን ብጠይቃት የልጇን ዕድሜ ቆጥራ ትነግረኝ ነበር። እሷን ከጠየቅኩ ግን ታሪኩን ከአፌ ነጥቃ ራሷ ነው የምትጨርሰው። ስለዚህ ዓመቱ ይቅር።

ቤታችን መርሳ ዳር ነው፤ ከአስፋልቱ ወጥቶ ወደ መስኖው በሚወርደው መንገድ። ያኔ አንዲት ጥቁር ክልስ ላም ነበረችን፣ ግንባሯ ላይ ነጭ ያለባት። ጠዋትና ማታ የምታልባት ባለቤቴ ናት። የእኔ ሥራ ጥጃውን መያዝ ነው። ለሚሰማው ሰው ቀላል ይመስላል። ጥጃው መጀመሪያ ጥቂት ይጠባል፣ ላሟ ወተቷን ታወርዳለች፣ ከዚያ ጥጃውን ጎትቼ እናቱ ፊት አቆመዋለሁ፣ እሷ ስትልሰው ባለቤቴ ታልባለች። በቃ ይኸው ነው። ነገር ግን በተጋባንበት ዘመን ሁሉ አንድ ቀን እንኳ ጥጃ በትክክል ይዤ አላውቅም።

«ገመዱን አላላኸው! አሁን ደግሞ አነቅከው! እዚያ ጋ ቁም፣ ጥላህ ማለቢያው ላይ ወደቀ!»

ጥላዬ እንኳ ጥፋት ነበረው።

ባለቤቴ በሰው ፊት አንቱ ትለኛለች፣ ጨዋ ሴት ናት። ላም ሥር ቁጢጥ ስትል ግን አንቱታዋን ከነጠላዋ ጋር አጥሩ ላይ ሰቅላው ነው የምትገባ። እኔም አልቀየማትም። ወተቱ ጭርር ጭርር ይላል፣ እሷ ትቆጣለች፣ እኔ ዝም እላለሁ። እንዲህ ሆነን ስንት ላም አሳልፈናል።

ልጃችን ያገባችው ወልድያ ነው። የመጀመሪያ ልጇን በኦፕራሲዮን ወለደች። ባሏ የከባድ መኪና ሹፌር ስለሆነ መንገድ ላይ ነው የሚውል የሚያድረው። ባለቤቴ አርባ ቀን እስኪሞላት አብራት ልትሆን ተነሳች። ሚኒባሱ ጋ ስሸኛት፣

«ይስሙኝ» አለችኝ፤ ሰው ስለነበረ አንቱ ናት። «በየጠዋቱ ወተት በሚኒባስ ይላኩልኝ። የሱቁን አላምነውም፣ ልጅቱ ደም ፈሷታል። ማለቡ ካቃተዎት ደግሞ ሳይደብቁ ይንገሩኝ፣ ተመልሼ እመጣለሁ። ላሟ ደርቃ እንዳትጠብቀኝ።»

«ኧረ ምን ችግር አለው! ይህን ሁሉ ዓመት ሳይ ኖሬ።»

«ያዩትማ ጥጃውን ነው» ብላ ገባች።

እንግዲህ ነገሩ ይሄ ነበር። እኔ ካልታለበልኝ ሚስቴ ትመለሳለች። እሷ ከተመለሰች ልጄ ቁስሏ ሳይጠግግ ከሕፃን ጋር ብቻዋን ትቀራለች።

ማታውኑ ቢስሚላህ ብዬ ገባሁ። ጥጃውን አስጠባሁ፣ ጎትቼ ከእንጨቱ አሰርኩት፣ እጄን ቅቤ ቀባሁና ቁጢጥ አልኩ። ጉልበቴ ቋ አለ። ላሟ ዞር ብላ አየችኝ። አልጋው ላይ የማያውቀው ሰው ተኝቶ ያገኘ አባወራ እንዴት ያያል? እንደዚያ ነው ያየችኝ። ከዚያ ወተቷን ያዘች። ጡቷ ሞልቶ ተወጥሯል፣ ስስበው ግን የሚወርደው የማለቢያውን ሥር እንኳ አላረጠበም። ተስፋ ቆርጬ ጥጃውን ስፈታው አፉ አረፋ እስኪደፍቅ ጠባ።

በማግስቱ ፍሩሽካውን እጥፍ አደረግኩላት። በላች፣ ላስችበት፣ ሌላ ጠበቀች። የባለቤቴን የላስቲክ ጫማ አድርጌ ገባሁ፤ ግማሽ ተረከዜ ውጭ ነበር። ላሟ ጫማውን አሸተተችና ወደ ፊቴ ቀና ብላ አየች፣ ከዚያ አስነጠሰችብኝ።

በዚህ መሀል ለወልድያ ወተት መላክ አለ። ምን ላድርግ? ገበያው አጠገብ ላሞች ካሉት ሰው ወተት እየወሰድኩ፣ በእኛ ጀሪካን ገልብጬ፣ የእኛ ነው ብዬ ላክሁ። ዋሸሁ ማለት ነው። በሦስተኛው ቀን ደግሞ ጥጃው አስቀመጠው። የመርሳዋን የእንስሳት ሐኪም ጠራኋት፤ ወጣት ናት፣ በዕድሜ ልጄ ትሆናለች።

«አባባ፣ ጥጃው ያለልክ እየጠባ ነው ሆዱ የተበላሸው። ላሟ ጤነኛ ናት።»

«ታዲያ እኔን ምነው ከለከለችኝ?»

«ላም ወተት የምትለቀው በለመደችው ነገር ነው። ሰዓትም ይሁን፣ ሰውም ይሁን፣ ድምፅም ይሁን። ድሮ ስትታለብ የነበረ፣ አሁን የጎደለ ምን አለ?»

«ባለቤቴ ናት የጎደለችው።»

«ይጥሯቸዋ!»

«እሱማ አይሆንም።»

«እንግዲያስ ሌላ ነገር ይፈልጉ። እንዲህ ከቀጠለች ትደርቅብዎታለች» አለችኝና ለጥጃው መድኃኒት ሰጥታው ሄደች።

በአምስተኛው ቀን ጠዋት ላም ሥር ቁጢጥ ብዬ ስታገል ስልኬ ጮኸ። እጄ ቅቤ በቅቤ ነው። ከኪሴ ሳወጣው አሟልጮኝ ገለባው ላይ ወደቀ። በጣቴ ጫፍ ስነካው ላውድ ላይ ሆነና የባለቤቴ ድምፅ ግቢውን ሞላው።

«አሰላሙ አለይኩም፣ እንዴት አደሩ?»

አንቱ ስትለኝ እንግዳ እንዳለ ገባኝ።

«ወአለይኩሙ ሰላም። አልሐምዱሊላህ። አራሷስ?»

«ደህና ናት። ወተቱም ደርሶናል፣ አላህ ይስጥልን።»

ላሟ ጆሮዋን ቀና አደረገች። ወተቷን ግን ያው እንደያዘች ነው። ከዚያ በስልኩ በር ሲከፈት፣ ሲዘጋ፣ የሴት ኮቴ ወደ ደጅ ሲወጣ ሰማሁ።

«አንተ ሰውዬ! ይሄ የማን ወተት ነው?»

«የላም ነዋ።»

«የማን ላም? የእኔ ማለቢያ በወይራ ነው የሚታጠነው! ይሄ እኮ ወይራ በዞረበት አልዞረም! ምን ብታስበኝ ነው? አፍንጫዬ ወልድያ ስገባ መርሳ የቀረ መሰለህ?»

እጄ ላይ ሙቀት ተሰማኝ። ጡቷ ለሰለሰ። ጭርር! ወተቱ ማለቢያው ውስጥ ጮኸ። ደንግጬ ልነሳ ነበር፣ እንደምንም ቁጢጥ አልኩ። እሷ ትቆጣለች፣ እኔ አልባለሁ። ለካ ላሟ ይህን ሁሉ ዓመት ወተቷን የምትለቀው ለባለቤቴ እጅ ብቻ አልነበረም። እኔ ስሰደብም መስማት ነበረባት።

ጥጃው አሞት ስለነበር ነው ብዬ አመካኘሁ፤ ግማሹ እውነት ነው። ባለቤቴም እየበረደች መጣች። «በል እሺ፣ ከእንግዲህ...» ስትል ወተቱ ቀጠነ። ማለቢያው ገና ግማሽ ነው።

«ቆይ አትዝጊው!» አልኩ። «ያ የጠፋው መጥረቢያ...»

«የቱ መጥረቢያ?»

«ሌባ ወሰደው ብዬሽ የነበረው። እዚህ ታች ግራና ከተማ ላለ አንድ ሰው ያዋስኩት እኔ ነኝ። አልመለሰውም።»

ከዚያ የመጣው ቁጣ እንኳን ማለቢያ ጋን ይሞላል። አረፋው አፉን አልፎ እጄ ላይ ፈሰሰ። ያን ቀን ወልድያ የሄደው ወተት የእኛው ነበር።

እውነቱን እንዳልነግራት፣ ላሟ ለእሷ ካልሆነ አትታለብም ብላ በመጀመሪያው መኪና ከተፍ ትላለች። ስለዚህ በየጠዋቱና በየማታው ስትደውል አንዳንድ ጥፋት ማመን ጀመርኩ። ፍየሏ አጥር ዘላ ጠፋች ያልኳት በሩን ረስቼው እንደሆነ ነገርኳት። የዘመዷ ሠርግ ቀን ሆዴን አሞኛል ያልኩት ሳያመኝ ነው፣ መስኖው ዳር ተኝቼ ዋልኩ። ሐኪም ስኳር ተው ብሎኝ ሻይ ቤት ሦስት ማንኪያ እንደማስደርግ አመንኩ፤ ያቺ ጥፋት ብቻዋን ሁለት ቀን አለበችልኝ። እኔ ራሴን እንደ ደህና ሰው ነበር የማየው። ማለቢያ ይዞ ሲቆጥሩት ግን ሰው ብዙ ጉድ አለው።

የሆነ ሆኖ ጥፋትም ያልቃል። በአሥረኛው ቀን ግድም ሆዴን ብፈትሽ ባዶ ሆነ። ስለዚህ ፈጠርኩ።

«ያቺን ነጭ ዶሮ ቀበሮ አልበላትም። አርጄ የበላኋት እኔ ነኝ።»

«የቱን ነጭ ዶሮ?» አለችኝ። «ነጭ ዶሮ ኖሮን አያውቅም እኮ።»

ወዲያው ድምጿ ተሰበረ።

«ምንድነው የደበቅከኝ? ሐኪም ምን አለህ? ሰው እንዲህ ጥፋቱን የሚለቃቅም ሊሞት ሲል ነው። ነገ በጠዋት እመጣለሁ።»

«ወላሂ ጤነኛ ነኝ! አትምጪ! ልጅቱን ትተሽ የት ትመጫለሽ?»

ምዬ ተገዝቼ አስተውኳት።

«እንግዲያውስ» አለች እያለቀሰች፣ «ከዛሬ ጀምሮ አንድም ጥፋት እንዳትነግረኝ። ሁሉንም አውፍ ብዬሃለሁ። ያለፈውንም የሚመጣውንም።»

ይቅርታዋ ጉድ ሠራኝ። ከዚያ ወዲያ ስትደውል ድምጿ ማር ሆነ። «እንዴት ዋልክልኝ? ጉልበትህን አሞህ ይሆን?» ትለኛለች። ላሟ ታዳምጣለች፣ ወተቷን ትይዛለች። የላስቲክ ጫማው ቀን ተመልሶ መጣ።

በሁለተኛው ቀን ባዶ ማለቢያ አቅፌ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ፣ ነገ ደውዬ ነይ ልላት ወስኜ ነበር። ከአጥሩ ማዶ ሳል ሰማሁ። ጎረቤቴ ናት፣ ባሏ የሞተባት ክርስቲያን ሴት። ክፉ ቃል ከአፏ ወጥቶ አያውቅም። ድምጿ እንዲያው ሹክሹክታ ስለሆነ ዶሮዎቿ እንኳ እሽ ስትላቸው የጠራቻቸው እየመሰላቸው ይመጣሉ።

«ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። እንዳልሰማሁ ሆኜ ነበር እንጂ ሁሉንም ሰምቻለሁ።»

«መጥረቢያውንም?»

«እሱን የመጀመሪያው ቀን ነው የሰማሁት።» አጎነበሰች። «ካልከፋዎት... እኔ ልቆጣዎት?»

ላሟ ሥር ቁጢጥ አልኩ። እሷ አጥሩ ጋ ቆማ ነጠላዋን አስተካከለች፣ ጉሮሮዋን ጠረገች።

«ጋሼ... ትንሽ ዝንጉ ነዎት መሰለኝ።»

ላሟ ማመንዠኳን አላቋረጠችም።

«ጨመር አድርጊበት እህቴ።»

«በጣም ዝንጉ ነዎት። እግዚአብሔር ይይልዎት... ኧረ ይቅር ይበልዎት።»

«እህቴ፣ በዚህ አያያዝ እስከ መስቀል እዚሁ ቁጢጥ እንዳልኩ ነኝ።»

ይህን ስል ከእኔ ዛፍ ላይ አንድ የበሰለ ማንጎ ተበጠሰና የእሷ ቆርቆሮ ላይ ዱብ! አለ። ዘወር ብላ ጣራዋን አየች። ቆይታ ወደ እኔ ዞረች። ያን ፊት አይቼባት አላውቅም።

«ስምንት ዓመት» አለች።

«ምኑ?»

«ስምንት ዓመት ሙሉ ጣራዬ ላይ ዱብ! ዱብ! እንቅልፍ አጣሁ! ቅርንጫፉን ይቁረጡልኝ ስልዎት ኢንሻአላህ አሉኝ። አምና ስልዎት ኢንሻአላህ! ካቻምና ስልዎት መጥረቢያ የለኝም! ለካ መጥረቢያው ግራና ነው!» ድምጿ እየወጣ፣ እየወጣ ሄደ። «ደሞ ማንጎውን ለመልቀም ሲሆን መሰላል ይዘው እኔ ግቢ ይገባሉ! አንተ ሽማግሌ!»

ጭርር! አለ ወተቱ።

እሷ አፏን በነጠላዋ ያዘች። «ውይ በሞትኩት! አንተ አልኩዎት።»

«አትተይው!» አልኩ። «በማርያም አትተይው!»

እስላም ሆኜ በማርያም ለመንኳት፣ እሷም አላሳፈረችኝም። ማለቢያው ሞላ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ጠዋትና ማታ መጣች። ማንጎው አራት ቀን አገለገለን። ከዚያ ላሜ የበላችው ጎመን፣ ወደ ደጇ የምደፋው እጣቢ፣ ሌሊት የማስለው ሳል... አንድም ነገር አልረሳችም። እኔ ደግሞ እንዲህ ያለ ክፉ ጎረቤት መሆኔን የሰማሁት ያኔ ነው። ከልቤ አዝኜ ቅርንጫፉን ቶሎ ልቆርጥላት ፈለግኩ፤ ግን እሷ ከተደሰተች ወተቱ ምን ሊሆን ነው ብዬ አቆየሁት። ይህንንም እንደ ጥፋት ቁጠሩልኝ። እሷ ግን ፊቷ በራ፣ ዶሮዎቿም እሽ ስትላቸው መሸሽ ጀመሩ።

አርባው ቀን ሞላ። ማታ ላይ እያለብኩ በላሟ ጀርባ ቀና ስል ባለቤቴ ሻንጣዋን እንደያዘች በሩ ላይ ቆማለች። መምጣቷን አልነገረችኝም ነበር። ጎረቤቴ ጀርባዋን ሰጥታ ቆማለችና አላየቻትም።

«አንተ ሰነፍ! ሚስትህ ብትኖር ይህን እጣቢ እዚህ ትደፋው ነበር? እሷ እኮ ናት ሰው ያስመሰለችህ!»

ባለቤቴ እስከ መጨረሻው አዳመጠች። ጎረቤቴ ዞር ስትል አየቻትና ደርቃ ቀረች። ባለቤቴ ቀስ ብላ መጣች። የሞላውን ማለቢያ አየች፣ ቅቤ የተቀባ እጄን አየች፣ ላሟን አየች። ስለ መጥረቢያውም ስለ ነጭ ዶሮዋም ያኔ የገባት ይመስለኛል፤ የከንፈሯ ዳር ተንቀጠቀጠ። ሻንጣዋን አስቀመጠችና ድንጋዩ ላይ ተቀመጠች።

«ቀጥይ እህቴ» አለቻት። «እኔን መንገዱ አድክሞኛል። ገመዱንም እንዳትረሺበት፣ አላልቶታል።»

በሳምንቱ ግራና ወርጄ መጥረቢያውን አመጣሁ፣ ቅርንጫፉንም ቆረጥኩ። የልጅ ልጄ አሁን ይሮጣል። ያን ጊዜ ማን አወጣህ ሲሉኝ ልጄ የጥጃውን ሐኪም ትላለች፣ ባለቤቴ እኔ ነኝ ትላለች፣ ሁለቱም አልዋሹም። የእኔ ልብ የሚያውቀው ግን ከአጥሩ ማዶ ያለችውን ነው፤ ስምንት ዓመት የያዘችውን ቁጣ ልጄ ወተት እንድታገኝ ብላ ያወጣችው ያች ድምፀ ቀጭን ጎረቤቴ ናት።