ኮሌታ ከሁሉም በፊት

«የመስኮቴን ብርሃን ማን ጋረደው ዛሬ፣
እምም… እምም… እምም…
መምጣትሽ ቀረብኝ እንዳደረ ወሬ።»

መካከሉ የለም። የእናቷ ዘፈን ነው፤ እናትየው ስትሞት መካከሉን ይዛው ሄደች። ልጅቱም ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ፣ በላውንደሪው የኋላ ክፍል ካውያ እየገፋች፣ የጎደለውን በእምምታ ስትሞላ ኖራለች።

የሰፈሩ ሰው «ዳኛዋ» ይላታል። ስሙን ያወጣላት አብሯት የሚሠራው አጣቢ ነው፤ እሱን ደግሞ ሁሉም «አረፋ» ይለዋል። ከመተኮሻ ጠረጴዛዋ ፊት ለፊት ጥጉ የተሰነጠቀ ቴሌቪዥን ተሰቅሏል። ዓይኗ ሥራዋ ላይ ስለሆነ ቀኑን ሙሉ የምታየው በጆሮዋ ነው፤ አንዱን ሸሚዝ አንሥታ ሌላውን እስክታነጥፍ ባለችው ፋታ ብቻ ቀና ትላለች። ያቺ ፋታ ትበቃታለች። ተዋናዮቹን ፊታቸውን አታይም፤ ልብሳቸውን ነው።

«ሦስት ቀን ጫካ ለጫካ ሲያሳድዱት ከርመው የእጅጌው መስመር እንዳለ ነው» ትላለች። «ማን ተኮሰለት፣ ጦጣ?»

«ፊልም ነዋ፣ እትዬ ዳኛ።»

«ፊልም ቢሆንስ? ፊልም ላብ የለውም?»

በየቀኑ ስለሚታየው የፍቅር ድራማ ስትጠየቅ፣ «ሰውየው ትናንት ሊመታት እጁን አነሣ፤ እጁ ዛሬም አየር ላይ ናት። እኔ እስካሁን አምስት ሱሪ ጨርሻለሁ» አለች። አስቂኙን ዝግጅት አትወደውም፤ እነሱው ተናግረው እነሱው ከሳቁ ለእኔ ምን ቀረኝ ትላለች። የምግብ ውድድሩ ደግሞ ያናድዳታል። አንዴ ቀምሰው ማንኪያቸውን ያስቀምጣሉ፤ የቀረውን ማን እንደሚበላው አይታይም።

ያመሰገነችው አንድ ፊልም ብቻ ነው። አሮጌ ሰው ባቡር ጣቢያ ተቀምጦ ሰው ሲጠብቅ ያመሻል፤ ሌላ ምንም የለውም። ሰውየው ግን ከመቀመጡ በፊት ኮቱን አውልቆ፣ ገበሩን ወደ ውጭ አጥፎ፣ ጉልበቱ ላይ አኖረው። ካውያውን ከፍ አድርጋ እንደያዘች ቀረች። «ይሄ ሰው ያለው ኮት አንድ ብቻ ነው» አለች። አረፋ ያን ቀን ብቻ አልቀለደባትም።

ሚጢጢ የምትላት ታናሽ እህት አለቻት። እናታቸው ስትሞት ሚጢጢ አራት ዓመቷ፣ እሷ ዐሥራ ሰባት ነበረች። ሕፃኗ ያደገችው መተኮሻው ጠረጴዛ ሥር ነው፤ ፊደል የቆጠረችውም ልብስ ላይ ከሚንጠለጠሉት የደንበኞች ስም ወረቀቶች ነበር። እንደ መዝሙር የምትደጋግመው ነገርም ነበራት፦ ኮሌታ፣ ትከሻ፣ እጅጌ፣ ደረት። ኮሌታ መጨረሻ ላይ ከተተኮሰ የተስተካከለውን ደረት መልሶ ያጨማድደዋል። ይህ ከስሟ ቀጥሎ ያወቀችው ነገር ነው።

ዛሬ ሚጢጢ የቴሌቪዥን ድራማ ትጽፋለች። እህቷ ቤት ከመጣች ሁለት ዓመት አልፏል። ባለፈው ሳምንት ግን ደወለች። «ቅዳሜ ከሰዓት የኔ ድራማ ይታያል፤ ስለ እኔና ስላንቺ ነው። መጥቼ አብረን እናያለን፤ ምሳም አንቺ ጋ ነኝ። እንደ ሌላው ሁሉ ትፈርጂልኛለሽ፣ እህቴ ናት ብለሽ እንዳታልፊኝ።»

ቅዳሜ ላውንደሪው የሚዘጋው እኩለ ቀን ላይ ነው። ዳኛዋ እየሮጠች ቤቷ ገባች። ድንች በሥጋ ሠራች፤ ድንቹን ሚጢጢ እንደምትወደው በትልቁ ከተፈችው። የገበታውን ጨርቅ ተኮሰች። ሁለት ሳሕን፣ ሁለት ወንበር። ዘፈኗን እያንጎራጎረች በር በሩን አየች። ሰዓቱ ደረሰ፤ ድራማው ጀመረ፤ ወንበሩ ባዶ ነው። እሷም እንደ ልማዷ ቆማ አየችው።

ድራማው ላይ ታላቂቱ እህት በመስኮት ብርሃን ሸሚዝ ትተኩሳለች። ተዋናይቷ ቆንጆ ናት፣ እጇ አንድም የካውያ ጠባሳ የለውም። ከደረቱ ጀመረች። ደረት፣ እጅጌ፣ ትከሻ፣ ከሁሉም በኋላ ኮሌታ። እየተኮሰችም ትዘፍናለች፦

«የመስኮቴን ብርሃን ማን ጋረደው ዛሬ፣
በሩን ሳይ ዋልኩልሽ አንገቴን ሰብሬ፣
መምጣትሽ ቀረብኝ እንዳደረ ወሬ።»

ዳኛዋ የወንበሩን መደገፊያ ያዘች። መካከሉ። አራት ዓመት ብቻ የነበራት ልጅ ይዛው ኖራለች ማለት ነው። እንባዋ መጣ፤ ኮሌታውንም፣ ባዶውን ወንበርም በዚያች አንዲት ስንኝ ይቅር ልትል ደረሰች።

ከዚያ ታላቂቱ እህት ታመመች። ታናሺቱ ከአልጋዋ ሥር ሳትለይ፣ ሾርባውን እፍ እያለች በማንኪያ ስታጎርሳት ሰነበተች። ታላቂቱ ሞተች። ሙዚቃው ረዘመ።

ስልኩ ጮኸ።

«አየሽው፣ እትዬ?»

«አየሁት።»

«ቀረጻ ይዞኝ ነው የቀረሁት፣ ይቅርታ። ሰዉ ሁሉ እየደወለ ነው፣ የማያለቅስ የለም። እሺ፣ ፍረጂ።»

«የእማዬ ዘፈን… መካከሉን አስታውሰሽው ነው?»

«እሱን? ግጥም የሚጽፍልን ልጅ አለ፣ እሱ ነው የሞላው። አያምርም?»

«ያምራል።»

«ሌላውስ?»

«ኮሌታውን መጨረሻ ላይ ተኮሰችው።»

ሚጢጢ ሳቀች። «ኧረ እትዬ፣ ኮሌታ ማን ያያል?»

«እኔ።»

«የምትሞችበትን ቦታ እንኳ አልወደድሽውም? ስጽፈው እኮ አልቅሻለሁ።»

«ደህና አድርገሽ ነው ያጎረስሽኝ» አለች ዳኛዋ። «እፍ እያልሽ።»

ከመስመሩ ወዲያ በኩል አንድ ሰው ሚጢጢን ጠራት።

«እየጠሩኝ ነው፣ እትዬ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ግን እመጣለሁ፣ ሙች።»

«በሚቀጥለውማ የለሁም፤ ገድለሽኛል እኮ።»

«አንቺ ደግሞ፣ ቀልድሽ አይለቅሽም» አለች ሚጢጢ እየሳቀች፣ ስልኩንም ዘጋችው።

ዳኛዋ ቴሌቪዥኑን አጠፋችው። ትርፉን ሳሕን አንሥታ ወደ መደርደሪያው መለሰች። «የመስኮቴን ብርሃን ማን ጋረደው ዛሬ» ብላ ጀመረች፤ መካከሉ ላይ ስትደርስ አዲሱ ስንኝ ምላሷ ላይ መጣ። አልዘፈነችውም፤ እምም ብላ አለፈችው።

ሃያ ስድስት ዓመት ምሳዋን ቆማ ስትበላ የኖረች ሴት ናት። ለሚጢጢ ያዘጋጀችውን ወንበር ሳበች፤ በተተኮሰው ጨርቅ ፊት ተቀመጠች፤ የቀዘቀዘውን ድንች ወደ ራሷ አቀረበችና መብላት ጀመረች።