የማዘንጊያን መጽሐፍ ወደ ኮኪት ሳደርስ

ከጎንደር የወጣሁት ጣሊያን ከተማችንን በያዘ በሦስተኛው ዓመት፣ በኅዳር ወር ነው። ለጠየቀኝ ሁሉ "መተማ በርበሬ ልሸጥ ነው" እል ነበር። ውሸት አልነበረም፤ በሁለት አህያ በርበሬና ነጭ ሽንኩርት ጭኛለሁ። ዋናው ጉዳዬ ግን ከጎረቤቴ ከማዘንጊያ የተቀበልኩት አደራ ነበር።

የማዘንጊያ ባል አርማጭሆ ውስጥ ከአርበኞቹ ጋር ሲዋጋ ሞቷል። እሷ በየማለዳው ካራቢኜሪ በሚባለው የጣሊያን ፖሊስ ፊት ቀርባ መታየት ስላለባት ከጎንደር መውጣት አትችልም። ጠላት ሰምቶ ደስ እንዳይለውም ባሏን ድምፅ አውጥታ አላለቀሰችም፤ ራሷን ተላጭታ፣ ሻሿን አጥብቃ አሰረች። የስምንት ዓመት ልጇ የሺ ያለችው መተማ አጠገብ፣ ኮኪት፣ ከሟቹ ወንድም ከአቶ ፈረደ ዘንድ ነው። ልጅቱ ገና በሕፃንነቷ ፈንጣጣ ዓይኗን ወስዶባታል።

"መርዶውን ለኮኪት ሽማግሌዎች ብቻ ንገሪልኝ" አለችኝ ማዘንጊያ። "እነሱ በወጉ፣ በማለዳ ይንገሩ። ከዚያ በፊት ግን ከአፍሽ እንዳይወጣ።"

መርዶ ያለ ወጉ ጆሮ ላይ ሲወድቅ ሰው ያሳብዳል ይባላል፤ ያበደም አይቻለሁ። ሆድ ይፍጀው ብዬ ተቀበልኳት።

ከመርዶው ጋር አንድ መጽሐፍ ሰጠችኝ። ቀለም የሚባል አልነካውም። ማዘንጊያ ከአቡጀዲ ገጽ እየቆረጠች፣ በጣት የሚነበብ ተረት ለልጇ ትሰፋላታለች። ቤቱ የእውነት ሣር ነው፣ መንገዱ የሽንብራ ረድፍ፣ ወንዙ የሐር ክር። ድሮ ጎንደር የነበረች አንዲት ፈረንጅ፣ በባሕር ማዶ ዓይነ ስውሮች ጎርበጥ ጎርበጥ ያለ ነጥብ እየዳሰሱ እንደሚያነቡ አውርታላት ነበር። ነጥቡን ስላላወቀችው የራሷን ፈጠረች፤ ከየሥዕሉ ሥር ክር ትቋጥራለች። አንድ ቋጠሮ እናት ነው፣ ሁለት አባት፣ ሦስት የሺ ራሷ።

ጭልጋ

ከአዘዞ ወዲያ ጣሊያን መንገዱን ጠጠር አልብሶታል። ካሚዮን በመጣ ቁጥር ከነአህዮቻችን ገደል ጥግ እንለጠፋለን፤ አቧራውን ጠጥተን እንቀጥላለን። የተቀላቀልኩት የነጋዴዎች ቅፍለት መሪ ሐጅ ይማም የሚባሉ፣ ጨውና ጥጥ ሲያመላልሱ ያረጁ የጎንደር አዲስ ዓለም ሰፈር ነጋዴ ናቸው። ቀልድ ይወዳሉ። "ዘርፌ፣ ከበርበሬሽና ከምላስሽ የትኛው ይለበልባል?" እያሉ ሲያስቁኝ መንገዱ አጠረልኝ።

ጭልጋ ኬላ ላይ አንድ ባንዳ ጭነቴን በሳንጃ ወጋ ወጋ አደረገና ያቀፍኩትን አየ።

"እሱስ ምንድን ነው?"

"የሕፃን መጫወቻ ነው፣ ጌታዬ።"

ነጥቆኝ ገለጠው። ሽንብራውን ሲዳስስ ሳቀ። የመጨረሻው ገጽ ላይ ሲደርስ ሳቁ ቆመ። እዚያ ከቆዳ የተቆረጠ የሴት ፊት አለ፤ ከግንባሩ እስከ ገጹ ግርጌ ሹሩባ ወርዶበታል። እኔ የፍየል ጠጉር መስሎኝ ነበር። ባንዳው ጣቱን አሳረፈና እሳት እንደነካው ሰው መነጨቀው።

"የሰው ጠጉር ነው! ቅቤው እንኳ አልለቀቀውም! መተት ነው የያዝሽው፣ አንቺ ሴት! ከፊቴ ጥፊልኝ!"

የይለፍ ወረቀቴን ሳያይ መጽሐፉን ደረቴ ላይ ወርውሮ ምራቁን ተፋ። የማን ጠጉር እንደሆነ ወዲያው ገባኝ። ማዘንጊያ የተላጨች ዕለት የወደቀውን ማን እንዳነሳው ልብ አላልኩም ነበር። ለናፍቆት ይሆናል አልኩ። እናት ለልጇ የማትሰጠው ምን አላት?

ከጭልጋ ቁልቁል

ባንዳው የጮኸውን ቅፍለቱ ሁሉ ሰምቷል። የሰው ጠጉር ከታቀፈች ሴት ጎን መሄድ የፈለገ አልነበረም። የአንዱ በቅሎ ስታነክስ ዞረው ያዩት እኔን ነው። ሐጅ ይማም እንኳ ቀልዳቸውን ተዉ። "አንቺ ከኋላ ሁኚ፣ ልጄ። እኔ ወላሂ አልፈራሁም፤ ለሰዎቹ ልብ ብዬ ነው" አሉኝ። በንዴት ጦፍኩ፤ ግን ምን አደርጋለሁ፣ ከኋላ ሆንኩ።

ቁልቁለቱን ስንጨርስ አየሩ ወፈረ፤ ላቡ ከአንገት ሳይሆን ከዓይን ሥር ይጀምራል። መንገዱ ሽመል በሚሉት የቆላ ቀርከሃ ጫካ መሀል ያልፋል። ነፋስ ሳይኖር ሽመሉ ይንቋቋል። ከኋላዬ ሰው የሚራመድ መሰለኝ፤ ስቆም ይቆማል፣ ስሄድ ይከተላል። ሽመል በሙቀት ይሰነጠቃል ይላሉ። እነሱ ይበሉ፤ እኔን ግን ማን ያሳምነኛል? ሹሩባው በጨርቁ ውስጥ ደረቴ ላይ ይሞቀኛል፤ መጽሐፉን ወደ አህያዋ ጭነት ላዛውረው አስቤ፣ እሷም ብትደነግጥስ ብዬ ተውኩት። አሁን ያስቀኛል፤ ያን ጊዜ አላሳቀኝም።

ቀትር፣ ገንዳ ውኃ አጠገብ

ቆላ ውስጥ በቀትር ወንዝ አይወረድም፤ ሰዓቱ የጋኔን ነው ይላሉ። ስለዚህ ከወንዙ በላይ ባለች መንደር ልናርፍ ገባን። "ቤቶች!" አልኩ። የሚመልስ የለም። ወፍጮው ላይ በከፊል የተፈጨ ማሽላ አለ፤ ዱቄቱ ላይ የፈጪዋ መዳፍ ታትሟል። ራኩባ ከሚሉት የጭቃ ግድግዳ ከሌለው ዳስ ሥር የውኃ ጋን ቆሟል፤ ቅሉ ውኃው ላይ ገና ይዞራል። አንድ ውሻ አየን፤ አልጮኸብንም።

ማንም ውኃውን ሊቀዳ አልደፈረም። ሁሉም እኔን ያያል። ወደ ማሽላው ማሳ ዞር ብል፣ ከዘለላዎቹ መሀል አንዱ የሰው ፊት ነው። ቀጥሎ ሌላ፣ ቀጥሎም ሌላ። ሴቶች የልጆቻቸውን አፍ በእጃቸው ይዘው ቁጭ ብለዋል። አንድም የሚንቀሳቀስ የለም።

"ነጋዴዎች ነን" አልኩ።

አንዲት ባልቴት ከማሽላው ውስጥ፣ "ካሚዮኑ አለፈ?" አሉኝ።

"ኧረ ካሚዮን አላየንም፣ እናቴ።"

"እንግዲያ ገና ነዋ የሚመጣው" ብለው ተመልሰው ጎንበስ አሉ።

ሳናርፍ ወጣን። ጥቂት እንደሄድን ወታደር የሞላ ካሚዮን ወደ መንደሩ አቅጣጫ አለፈን። እነዚያ ሴቶች በምን እንደሰሙት ዛሬም አላውቅም።

ኮኪት

ሐጅ ይማም ወደ መተማ ሲቀጥሉ እኔ ኮኪት ቀረሁ። በቀጥታ የሄድኩት ወደ ቄሱ ወደ አባ ተክሌ ነው። ሰምተው በመስቀላቸው ግንባራቸውን ነኩ፤ "ነገ ማለዳ ሽማግሌ ይዤ እመጣለሁ። አደራ፣ ፊትሽ እንዳያሳብቅ" አሉኝ።

አቶ ፈረደ ከማሽላ አጨዳ ገና መግባቱ ነበር።

"እሰይ! ዘርፌ፣ እንዴት ከረምሽ? በይ ግቢ። ወንድሜስ? የሰማሽው ነገር አለ?"

"መንገዱ ዝግ ነው፣ ከዚያ በኩል ወሬ የለም" አልኩ።

የሺ ምንም ሳትደገፍ ግቢውን አቋርጣ መጣች። ቀጭን ልጅ ናት፤ የአጎቷ ሚስት የሠራችላት ረጅም ሹሩባ ትከሻዋን አልፏል። አንገረብ በሚሉት በገመድ የተጠለፈ አልጋ ላይ ከጎኔ ተቀመጠች።

"እትዬ ዘርፌ፣ መጽሐፍ ይዘውልኛል አይደል? እናቴ እናቴ ይሸተኛል።"

ሰጠኋት። "ቤት… መንገድ… ወንዝ…" እያለች ጣቷን ታስኬዳለች፤ ሽንብራው ላይ ስትደርስ ሳቀች። የመጨረሻውን ገጽ ገለጠች። ሹሩባውን ከሥሩ እስከ ጫፉ ዳሰሰችው፣ አሸተተችው፣ ተመልሳ ሥሩን ነካች። ከዚያ ጣቷ ወደ ግርጌ ወረደ። አንድ ቋጠሮ፤ ሦስት ቋጠሮ። የጠፋባትን እንደሚፈልግ ሰው በሁለቱ መሀል ደጋግማ ዳበሰች።

"እትዬ ዘርፌ፣ እናቴ ታማለች?"

"ኧረ ደኅና ናት፣ ልጄ።"

"መንኩሳ ነው?"

"ማዘንጊያ? እሷ ናት የምትመነኩስ!" ብዬ ሳቅሁ።

"ጣሊያን አልነካትም?"

"ማንም አልነካት።"

ራሷን ቀስ ብላ ነቀነቀች። መጽሐፉን ዘግታ፣ ውኃ ይዛ ወደ አጎቷ ሄደችና እጁን አስታጠበችው። እሱ ራት እስኪበላ ከጎኑ ቁጭ ብላ፣ ክንዱን በመዳፏ እየዳበሰች፣ "አጎቴ፣ ጨምር። ዛሬ ብዙ ብላ" ትለዋለች። እሱ ይስቃል።

ጎሕ ሲቀድ አባ ተክሌና ሽማግሌዎቹ ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ ኮቴያቸውን እየቆጠቡ መጡ። በር ልከፍትላቸው ስወጣ የሺ ከሁላችንም ቀድማ ራኩባው ሥር ተቀምጣለች። ከእግሯ አጠገብ የአጎቷ ማጭድ አለ። ሹሩባዋ የለም። ራሷ ወጣ ገባ ሆኖ ተከርክሟል፤ ከጆሮዋ በላይ ደም ደርቋል። ጠጉሯን በጨርቅ ጠቅልላ ጭኗ ላይ ይዛዋለች።

ሽማግሌዎቹ ቆሙ።

"አባቴ ሞቷል" አለች በዝግታ። "ለእኔ እናቴ ነግራኛለች። አጎቴ ግን አልሰማም፤ ሌሊቱን ይተኛ ብዬ አልነገርኩትም። አሁን ግቡና ንገሩት። ቀስ ብላችሁ።"

እያማተቡ በአጠገቧ አልፈው ገቡ። የአቶ ፈረደ ጩኸት ሲሰማ ተነሳች፤ ጥቅሏን እጄ ላይ አኑራ፣ "ለእናቴ ይስጡልኝ" ብላ እሱን ልትይዘው ገባች።

መልስ

መተማ ገበያ በርበሬዬን በጥድፊያ ሸጥኩ። ከድንበሩ ማዶ፣ ሱዳን ውስጥ፣ ገላባት ላይ የእንግሊዝ ባንዲራ ይታያል፤ ሌላ ጊዜ ቢሆን ቆሜ አየው ነበር። በመልሴ ጭልጋ ኬላ ላይ ያ ባንዳ አወቀኝና ፊቱን አዞረ። ብብቴ ሥር ምን እንዳለ ቢያውቅ ኬላውን ጥሎ ይሮጥ ነበር።

ጎንደር እንደገባሁ በቀጥታ ማዘንጊያ ቤት ሄድኩና ሳልቀመጥ ጮኽኩባት። "ብትነግሪኝ ምን ነበረበት? ልጅቱ በማጭድ ራሷን ስትከረክም ክፉ ቢገጥማትስ?"

"ብነግርሽ ድምፅሽ ይነግራት ነበር" አለች። "የሺ ከድምፅ የማታወጣው ነገር የለም። የአባቷን ሞት ከእኔ እንድትሰማ ፈለግሁ። እጄ እዚያ አይደርስም። ጠጉሬን ሰፋሁ፣ የአባቷንም ሁለት ቋጠሮ ተውኩት። ሽማግሌዎቹ ለፈረደ ናቸው።"

ንዴቴ በረደ። መርዶ ያለ ሽማግሌና ያለ ማለዳ አይሆንም የምል ሴት ነበርኩ፤ አሁንም እላለሁ። ነገር ግን እናት በእጇ ያቀበለችውን ሐዘን ያቺ የስምንት ዓመት ልጅ እንዴት እንደተሸከመችው አይቻለሁ፤ ከዚያ ወዲህ ወጉን አላውቅም ያለ ሰው ላይ ለመፍረድ አልቸኩልም።

ጥቅሉን ሰጠኋት። ፈትታ አየችና ዓይኗን ጨፈነች። ጣቷን ከሥሩ ጀምራ ቀስ እያለች ወደ ጫፉ አወረደችው። ልጇን ከላከች ሁለት ክረምት አልፏል።

"ይኸን ያህል አድጓል?" አለች።

ካራቢኜሪው ይስማ አይስማ ሳትል፣ በሩ ክፍት እንደሆነ፣ ድምፅ አውጥታ አለቀሰች።