ሲስተር ለምለም ያስቀየረችው የኪኒን ሰዓት

ሲስተር ለምለም አረፈች ብለው ጠዋት ሲደውሉልኝ «የትኛዋ ለምለም?» አልኳቸው። ሰቆጣ ውስጥ ሌላ ሲስተር ለምለም ያለች ይመስል። ባለፈው ሳምንት እኮ ገበያ ላይ አግኝታኝ ስለ ልጄ ስትጠይቀኝ ነበር።

እስካሁን አላመንኩም።

ዛሬ ፌስቡኩ ሁሉ በእሷ ፎቶ ተሞልቷል። ጥሩ ነው። «የእብድ ነርስ» እያላችሁ ስትስቁባት የነበራችሁም ለጥፋችኋል፤ አይቻችኋለሁ።

እኔ የማውቀውን ልጻፍ።

ልጄ ሲሳይ አእምሮውን ሲታመም ከደሃና ወረዳ ወደ ሰቆጣ አምጥቼ ጠበል አስገባሁት፤ ሲስተር ለምለም ከምትሠራበት ጤና ጣቢያም ኪኒን ጀመረ። ይሻለዋል፣ ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ይነሳበታል። ሲነሳበት በገመድ አስረዋለሁ። እናት ልጇን ስታስር የሚሰማትን ላልደረሰበት አልነግርም።

በዚያው ሰሞን የአእምሮ ሕመም የሚያጠኑ ሰዎች ከሩቅ ከተማ መጡ። ነርሶቹንም እኛን አስታማሚዎቹንም ሰበሰቡ። ያኔ ፊደል ስላልቆጠርኩ የፈቃድ ወረቀቱ ላይ በአውራ ጣቴ ፈረምኩ። አንዱ አጥኚ ወረቀቱን እያየ «ጠበል ላይ ላሉት ኪኒን መስጠት ዋጋ የለውም፤ ቤተሰብ ይጥለዋል» አለ። ደሜ ፈላ። እንዲህ ተብሎ ከተጻፈ ለሲሳይ የሚቀርለት ገመዱ ብቻ ነው።

ሲስተር ለምለም «ቆይ፣ ያስታመመ ይናገር» አለች። ሁልጊዜ የምትለው ነው። ወደ እኔ ዞረች።

«እማማ፣ ኪኒኑን ስንት ሰዓት ነው የሚሰጡት?»

«በጠዋት ነዋ፣ እንዳላችሁኝ።»

«ሱባኤ ሲይዝስ?»

«ጠበል ሳይጠጣ በአፉ ምን ይገባል? ጠዋቱ ካለፈ ደግሞ አለፈ። ሱባኤው እስኪወጣ አስቀምጥለታለሁ።»

አጥኚው «ይህ ጥያቄ ፎርሙ ላይ የለም» አለ።

«ታዲያ ጻፈው! እስክሪብቶው እጅህ ላይ አይደል?» አለችው። ሳቅን። እሱም ሳቀ።

በማግስቱ አጥኚውን ይዛ ጠበሉ ድረስ በእግር ወረደች። አጥማቂው ቄስ ሞላ «እራት ላይ ቢውጠው ማን ከለከለ? የጠየቀን ሰው የለም እንጂ» አሏቸው። ከዚያ ወዲያ የሱባኤተኛው ሁሉ ኪኒን ወደ እራት ዞረ። አጥኚዎቹም ቀጣዩን ጥያቄያቸውን ያዘጋጁት ከቄሱና ከነርሶቹ ጋር ቁጭ ብለው ነው።

ኪኒኑ መቋረጡ ሲቀር ሕመሙም መነሳቱን ተወ፤ ገመዱን ፈታሁት። ሲሳይ ይኸው በሬ ጠምዶ ያርሳል። እኔም በስተርጅና ፊደል ቆጥሬ የኪኒኑን ወረቀት ራሴ አነባለሁ። በዕድሜዬ ያቃጠለኝ ነገር ብዙ ነው፤ በዚህ ግን ልቤ ሙሉ ነው።

ሲስተር፣ ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከሚሸከሙሽ አንዱ ሲሳይ ነው። ማንም አላዘዘው፤ ራሱ ነው «እኔ እይዛለሁ» ያለ። ሲያዩት ይሸሹ የነበሩት ሰዎች ከፊት በኩል ቦታ ለቀውለታል።

ትከሻው ጠንካራ ነው፤ እረፊበት። ደህና ሁኚ፣ ልጄ።