ሻይ ያላቀረብኩላት እንግዳ

ከደብረ ብርሃን የወጣሁ ዕለት ፀሐይ ስታዘቀዝቅ፣ በሰውና በሻንጣ በተጨናነቀው የቤታችን በር ላይ እናቴ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኔን ጠርጋ «ሰው ፊት አትልቀሺ፣ ደህና ነኝ በይ» አለችኝ። እሺ ብዬ ቦሌ የሚያደርሰኝ ሚኒባስ ላይ ወጣሁ። ባለቤቴ ታደሰ ቀድሞኝ ካናዳ፣ ካልጋሪ ገብቶ ታክሲ ይነዳ ነበርና ወደ እሱ ነው የምሄደው። የደብረ ብርሃንን ብርድ የቻልኩ ሌላው ምን ያቅተኛል ብዬ ነበር። ልትመጡ የምታስቡ ስሙኝ፤ የእኛው ብርድ ጋቢ ከደረቡበት ያልፋል፣ የዚህኛው አፍንጫ ውስጥ ገብቶ ፀጉሩን ሳይቀር ያደርቃል።

ራንድል የሚባል ሰፈር ቤት ገዛን። በሩን ሲከፍቱ ወዲያው ደረጃ ነው፤ ግማሹ ወደ ላይ፣ ግማሹ ወደ ታች። መታጠቢያ ቤቱ ከላይ በኩል ነው። በጉብዝናችን ማን ደረጃ ይቆጥራል? በረዶ አንሸራቶኝ ዳሌዬ ከተሰበረ ሦስት ዊንተር አለፈ። ከዚያ ወዲህ እኔ ባኞው ጠርዝ ላይ ቁጭ እላለሁ፣ ታደሰ በብብቴ ይዞ ያነሳኛል፣ እግሬን አንድ በአንድ ያሻግረዋል። «ወይዘሮ፣ ዛሬ ወዴት ላድርስዎት?» ይለኝ ነበር እንደ ታክሲ ተሳፋሪ። ባለፈው ዓመት አንድ ጠዋት ልቡ ቆመ። ከቀብሩ በኋላ፣ ለቅሶው ሳያንስ፣ መታጠብ አቃተኝ።

ሐኪሜ ቁርጡን ነገረችኝ፤ «መታጠቢያው ካልተስተካከለ ብቻዎን መኖር አይችሉም። ኬር ሆም ያስቡ።» ከታደሰ ቤት አውጥተው መጦሪያ ውስጥ የማላውቀው አልጋ ላይ ሊያስተኙኝ! አልወጣም አልኩ።

ማዘጋጃ ቤቱ ቤታቸውን ለማስተካከል አቅም ላነሳቸው አካል ጉዳተኞች እርዳታ እንደሚሰጥ የነገረችኝ ጎረቤቴ ዘይነባ ናት፤ የወሎ ልጅ ናት፣ ሥራዋ አረጋውያንን መንከባከብ ነው። አፕሊኬሽኑን አብረን ሞላን። ከዚያ እርዳታው የሚያስፈልገኝ መሆኑን የምታይ ገምጋሚ ቤቴ ድረስ እንደምትመጣ ደብዳቤ ደረሰኝ።

እንግዳ ነው እንግዲህ። ሁለት ቀን ሙሉ ቤት ሳጸዳ ዋልኩ። የምደገፍበትን ዎከር ክሎዜት ውስጥ ከልብሱ ኋላ ደበቅኩ። ጥቁር ልብሴን አውልቄ ደህና ቀሚስ ለበስኩ። ልጅቷ መጣች፣ ወረቀቷን ዘረጋች።

«ደረጃውን እንዴት ነው የሚወጡት?»

«ቀስ እያልኩ፣ እግዚአብሔር ይመስገን።»

«መታጠቡስ?»

«ምንም አልል።»

ሻይና ድፎ ዳቦ በትሪ ይዤ ስመጣ ጥርሴን ነክሼ ነበር። እሷ ፈገግ ብላ አመሰገነችኝና ጻፈች። ከሳምንታት በኋላ መልሱ መጣ፤ ያለ ድጋፍ ስለምንቀሳቀስ ማስተካከያው አያስፈልገኝም ይላል።

ዘይነባ አንብባ ራሷን ያዘች።

«እትዬ ጥሩወርቅ! ምንድን ነው የነገሯት?»

«እንዴት ነዎት አለችኝ፣ ደህና ነኝ አልኳታ።»

«ዎከሩስ?»

«ክሎዜት ውስጥ።»

«ወላሂ! አሰስመንት እኮ ነው እትዬ፣ ግምገማ፤ ሽማግሌ የተላከብዎ መሰለዎት እንዴ?»

«ታዲያ እንግዳ ፊት ልንፏቀቅ?»

«ይንፏቀቁ! በየቀኑ እንደሚያደርጉት ያድርጉ። አፒል እናደርጋለን፣ ይግባኝ እንላለን።»

ልጅቷ እንደገና መጣች። ቤቱን አልጠረግኩም። ዎከሩ በሩ ላይ ቆሟል። ደረጃውን በመቀመጫዬ እየተንፏቀቅኩ ወጣሁት፣ እሷ ከኋላዬ። ልብሴን እንደለበስኩ ባኞው ጠርዝ ላይ ቁጭ አልኩና ግራ እግሬን በሁለት እጄ አነሳሁ። ጠርዙ ላይ ቀረ፣ አልሻገር አለ።

«ከዚህ በኋላስ?» አለችኝ።

«ከዚህ በኋላ ባለቤቴ ነበር» አልኳት። «አሁን ሰውነቴን በእርጥብ ፎጣ ነው የማብሰው። ሰባት ወር ሆነኝ። ጻፊው!»

ጻፈች። ሻይ አላቀረብኩላትም። በሕይወቴ እንግዳ አንዳች ሳላስቀምስ ስሸኝ የመጀመሪያዬ ነው፣ አላፈርኩም። እናንተም ገምጋሚ ሲመጣባችሁ ቤት አታጽዱ።

ተፈቀደልኝ። ዛሬ ጠዋት ሠራተኞች መጡ። ታደሰ ያሻግረኝ የነበረበትን ባኞ ሁለት ሰዎች ተሸክመው በደረጃው ሲያወርዱት ዎከሬን ይዤ ቆሜ ሸኘሁት። ይሂድ። በቦታው ጠርዝ የሌለው ሻወርና ግድግዳው ላይ የሚያዝ ብረት ይገባል።

እነሱ ሲሠሩ እህቴ ውባለም ከደብረ ብርሃን ደወለች።

«ታደሰም ከሄደ እዚያ ምን ትሠሪያለሽ? ነይ ግቢ። እኛ እናጥብሻለን።»

«ማንም እንዲያጥበኝ አልፈልግም። ራሴ ነኝ የምታጠበው፣ በገዛ ቤቴ።»

«እሺ፣ ጉልበተኛዋ» ብላ ሳቀች። ከዚያ ጠየቀችኝ። «ጀርባሽንስ ማን ያሽልሻል?»

ላይ ቤት መሰርሰሪያው ግድግዳውን ይበሳል።

«አልሰማሁሽም» አልኳት። ሰምቻታለሁ።