ለአንድ ጉልበት የተነገረ መርዶ

ባለፈው ሳምንት ከስኪዳም ወደ ሮተርዳም በሚሄደው ትራም ላይ፣ አጠገቤ የተቀመጠ ጎረምሳ የስፖርት ቦርሳውን ከፈተና የባሕር ዛፍ ሽታ አፍንጫዬን ሞላው። ቅባት ነው፤ ስፖርተኞች ጡንቻቸውን የሚያሹበት። በዚያ ሽታ ፈዝዤ መውረጃዬ አለፈኝ። ሁለት ፌርማታ አልፌ ወርጄ በዝናብ ወደ ኋላ ስመለስ መጀመሪያ በራሴ ሳቅሁ፤ ቀጥሎ ግን ዓይኔ እንባ ሞላ። ያ ሽታ የሚያስታውሰኝ ዴልፍስሃቨን በሚባለው የሮተርዳም ሰፈር ውስጥ የኖርኩበትን ቤት፣ እንደ መሰላል ቀጥ ያለውን ጠባብ የእንጨት ደረጃውን ነው። ቁጭ በይና ልንገርሽ።

በፈረንጆቹ ሰማንያዎቹ ገና መጀመራቸው ነበር። እኔ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነው፤ ጠዋት ጠዋት ቢሮ አጸዳለሁ፣ ከሰዓት በኋላ የሆላንድኛ ትምህርት ቤት ገብቼ አንቀላፋለሁ። የቤቱ ባለቤት ምድር ቤት የሚኖሩ ባልቴት ነበሩ፤ ሰው ሁሉ ኦማ ይላቸዋል፣ አያቴ እንደ ማለት። ከእሳቸው በላይ ባለው ፎቅ ሁለት ክፍሎች ነበሩ። አንዷ የእኔ፣ ሌላዋ የወጌሻው። ወጌሻው አገር ቤት ሳሉ የወለቀ ሲመልሱ፣ የተሰበረ ሲጠግኑ የኖሩ የስልሳ ዓመት ሰው ናቸው፤ እኔ ጋሼ ነበር የምላቸው። እዚህ ግን ሄግ ከተማ አንድ ሆቴል ውስጥ ሳህን ያጥባሉ። ያ እጅ ሳህን ሲያጥብ ማሰብ ያበሽቀኝ ነበር። እሳቸው ደግሞ «ሳህን ከተሰበረ ልጠግነው አልችልም፤ ስለዚህ በጣም ነው የምጠነቀቀው» ይሉኛል።

ቅጠሉ መርገፍ በጀመረበት ሰሞን የኦማ የልጅ ልጅ ከአውስትራሊያ መጣ። እናቱ በወጣትነቷ በመርከብ ወደዚያ ሄዳ እዚያው የቀረች የኦማ ልጅ ናት። የረዘመ ልጅ አይቻለሁ፣ እንደሱ ግን አላየሁም። በዚያ ቤት ውስጥ ግንባሩን ያልመታበት በር አልነበረም። ጣሪያ ሥር ያለችው፣ ዞልደር የሚሏት ጠባብ ክፍል ተሰጠችው፤ እዚያ ለመድረስ የእኛን በር ማለፍ ነበረበት። በመጣ በሁለተኛው ቀን ጋሼ ራት ላይ ማንኪያቸውን አስቀምጠው የደረጃውን ድምፅ አዳመጡና «ቀኝ ጉልበቱ ነው» አሉ። ገና ፊቱን እንኳ አላዩትም።

የባሕር ዛፉ ሽታ የእሱ ነበር፤ ማታ ማታ ጉልበቱን የሚቀባው ቅባት ሽታ በደረጃው ይወርድ ነበር። አንድ ቀን በሩ ላይ አግኝቼው በትምህርት ቤት እንግሊዝኛዬ «ይሄ እኮ የአገሬ ሽታ ነው» አልኩት። «የአንቺ አገር? ዛፉ የሄደው ከእኛ ነው!» ብሎ ሳቀ። ለጋሼ ብነግራቸው «ማንም ይላከው፣ ያሳደግነው እኛ ነን በይው» አሉ። በዚህ ነው የተዋወቅነው።

ምን እንደሚሠራ ያወቅነው ከኦማ አልበም ነው። የልጅ ልጃቸውን ሥዕል ከጋዜጣ እየቆረጡ ለጥፈዋል። የአውስትራሊያ እግር ኳስ ተጫዋች ነበር፣ አጥቂ። ኳሱ እንደ እንቁላል ሞላላ ነው፤ በእግርም ይመታል፣ በእጅም ይያዛል። ከአንድ የስንዴ አገር ገጠር በአሥራ ስምንት ዓመቱ አምጥተው ትልቅ ክለብ አስገቡት። በየሳምንቱ ጎል ስላገባ፣ ጨዋታ ሲያልቅ ልጆች አጥር ዘለው ሜዳ ውስጥ ይከቡት ነበር አሉን ኦማ። ከሁሉም ግን አንዱን ሥዕል አልረሳውም። ሌላ ተጫዋች ቆሟል። የእኛው ልጅ ጉልበቱን በቆመው ሰው ትከሻ ላይ አሳርፎ፣ ሁለት እጁን ወደ ሰማይ ዘርግቶ ኳሱን ይዟል። ከሥሩ ያለው ሕዝብ ሁሉ አፉን ከፍቷል። ጋሼ አልበሙን ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠግተው አዩትና አማተቡ። «በስመ አብ! ይሄ ልጅ ተሰቅሎ ነው ወይስ ቆሞ?» አሉ። እኔም እንደ ሥዕሉ ሕዝብ አፌን ከፍቼ ነበር።

ያ ጉልበት ነበር የተጎዳው። ከእንዲህ ያለ ዝላይ ሲወርድ በአንድ እግሩ አረፈና የጉልበቱ ጅማት ተበጠሰ። ቀዶ ጥገና አደረጉለት፣ ዓመት አስተኙት። ክለቡ የሚለብሰውን ቁጥር ለማንም ሳይሰጥ ይዞለት ነበር። እስከ ጥር መጨረሻ መዝለል ከቻለ ይመለሳል፤ ካልቻለ ቁጥሩ ለሌላ ይሰጣል። የሚያውቀው ሥራ ያ ብቻ ነበር።

ጋሼ እሑድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ያሹት ጀመር። ጨው የሌለው ቅቤ ከገበያ ገዝቼ አመጣለሁ፤ ኦማ «ኔ፣ ኔ! አይሆንም! ዳቦ ላይ የሚቀባ ነገር!» እያሉ ይንጨረጨራሉ። እኔ አስተርጓሚ ነኝ። ከመታሸቱ በፊት ደግሞ ጎዳናውን ተሻግረን መናፈሻው ሄደን ይሮጣል፤ ኳስ የሚመታለት ስለሌለ እኔን አስተማረኝ። መጀመሪያ ላይ ኳሱን ሳይሆን አየሩን ነበር የምመታው። ጫማዬ ኩሬ ገብቶ ዳክዬዎቹ የተበተኑበት ቀን አለ። «ጎበዝ፣ ጫማሽ ግን ከኳሱ በላይ ሄደ» አለኝ።

ከወር በኋላ አንድ እሑድ ጋሼ እጃቸውን ከጉልበቱ ሳያነሱ፣ ቀናም ሳይሉ በአማርኛ አናገሩኝ።

«ይሄ ጉልበት ይሄዳል። ደረጃ ይወጣል፤ እስኪሸብት ይሸከመዋል። ለዝላይ ግን አልቆለታል። ምናልባት አንድ ዝላይ ቢቀረው ነው፤ እሱንም ከዘለለ ዕድሜ ልኩን ያነክሳል። ንገሪው።»

«ምን አሉ?» አለኝ እሱ። ዓይኑ የሚያምን ዓይን ነበር፤ መድኃኒት የሚጠብቅ ሰው ዓይን። እኛ ደግሞ ታውቂያለሽ፣ ክፉ ነገር እንዲህ ዝም ብሎ አይነገርም። ሰው ይሰበሰባል፣ ማለዳ ይመረጣል፣ የሚደግፈው ዘመድ ከጎኑ ይቀመጣል። እኔ ብቻዬን፣ ከሰዓት በኋላ፣ ቅቤ በተቀባ ጉልበት ፊት እንዴት ብዬ? «ትዕግሥት ይፈልጋል ብለዋል» አልኩት። ቀስ ብዬ እነግረዋለሁ ብዬ ነበር።

ቀስ ያልኩት አምስት ሳምንት ሆነ። እሱ ትዕግሥት የተባለውን ተስፋ አድርጎ ወሰደው፤ ሩጫውን ጨመረ፣ ፊቱ አበራ። ጋሼ ደግሞ የነገርኩት መስሏቸው ይገረማሉ። «እንዴት ያለ ጠንካራ ልጅ ነው! ይህን ሰምቶ ይስቃል እኮ» ይሉኛል። እኔ በሁለቱ መሃል እንደ ሌባ ዓይኔን እሰብራለሁ። አሁን የልጅ ልጄ «አንቺ ለምንድን ነው ዝም ብለሽ ነገሩን የማትናገሪው?» ስትለኝ እናደዳለሁ፤ «አንቺ» ብላ ስለጠራችኝ አይደለም፣ እውነቷን ስለሆነ ነው።

አንድ ዓርብ ከፖስታ ቤት እየሳቀ መጣ። «ለክለቡ ደወልኩላቸው! እመጣለሁ አልኳቸው!» ብሎ በአንድ እጁ ከመሬት አነሳኝ። እግሬ መሬት ሲነካ ቀጥ ብዬ ወደ ጋሼ ክፍል ሄድኩና ሁሉንም ተናዘዝኩ። አልጮኹብኝም። «ሬሳ ቤት ውስጥ አስቀምጠሽ ነው ከልጁ ጋር ስትስቂ የከረምሽው?» ብቻ አሉኝ። ያ ቃል እስከ ዛሬ ይቆረቁረኛል።

በማግስቱ ማለዳ ሦስት ሆነን ወረድን፤ ጋሼ፣ እኔና ወደብ ላይ ጭነት የሚያወርድ ትከሻው ሰፊ የሰፈር ሰው። ነጠላችንን አዘቅዝቀን። ኦማ በሌሊት ልብሳቸው በሩን ከፍተው አዩንና ፊታቸው ገረጣ። «ማን ሞተ?»

«ማንም አልሞተም፣ ኦማ። የልጁ ጉልበት ነው።»

«ጉልበት?» ብለው ሦስታችንንም በየተራ አዩን። ከዚያ አስገቡንና ውኃ ጣዱ። ኦማ ለእንግዳ አንድ ብስኩት ሰጥተው ቆርቆሮውን ወዲያው የሚከድኑ ሴት ናቸው። ያን ቀን ክፍቱን ጠረጴዛ ላይ ትተውት ወደ ጓዳ ገቡ። እሳቸውም እንደገባቸው ያወቅሁት ያኔ ነው።

ልጁ ወርዶ ተደርድረን ስንጠብቀው አየን። ወደቡ ላይ የሚሠራው ሰው ተነስቶ ከጎኑ ተቀመጠ፣ እንደ ወጉ። ጋሼ እጃቸውን ጉልበቱ ላይ አድርገው ያኔ ያሉትን ደገሙት፤ እኔም ነገርኩት። አንዱን ቃል እንኳ አላስቀረሁም።

«መቼ ነው ያወቃችሁት?»

«አምስት ሳምንት ሆነን» አልኩት።

«ስሮጥ እያየሽኝ? ኳሱን እየመታሽልኝ?» ድምፁ አልጮኸም፤ ቢጮህ ይሻለኝ ነበር። ከሰው ሁሉ ፊት አለቀስኩ። እሱ ደረጃውን ወጣ። ሁለት ቀን አልወረደም፤ ኦማ የሚያስቀምጡለት ሳህን እንዳለ ይመለስ ነበር።

በሦስተኛው ቀን እኩለ ቀን ላይ በራችንን አንኳኳ። ጢሙ አድጓል። እኔን አላየኝም፣ ጋሼን ነው ያየው።

«አንድ ዝላይ ቀርቷል ብለዋል?»

«ቀርቶ ይሆናል» አሉ ጋሼ። «ግን ምን ያደርግለታል? ጎል የለ፣ ሕዝብ የለ። ይተወው በይው። በሰላም ይሂድበት።»

ስነግረው ራሱን ነቀነቀ። «አሁን የቀረኝ ለክለቡ ደውሎ አልመጣም ማለት ብቻ ነው። ማንም ሳያየኝ በስልክ ማለቅ አልፈልግም።»

ጋሼ ብዙ አሰቡ። ሲያሽሩ የኖሩ ሰው ናቸው፤ የሚሰበር ነገር እያዩ ዝም ማለት ለእሳቸው ምን እንደነበር አሁን ሳረጅ ነው የገባኝ። በመጨረሻ ካፖርታቸውን አነሱ። ከነጠላቸው ጫፍ ቀደው ጉልበቱን አጥብቀው አሰሩለት።

መናፈሻው ውስጥ ማንም አልነበረም። ቀጭን ዝናብ ይወርዳል፣ ሣሩ ጨቅይቷል፣ ከሩቅ የመርከብ ጡሩምባ ይሰማል። ኦማ ጃንጥላቸውን ይዘው ከዛፉ ሥር ቆሙ። ወደቡ ላይ የሚሠራው ሰው ሜዳው መሃል ጀርባውን ሰጥቶ እንዲቆም ተነገረው፤ «እንዳትንቀሳቀስ፣ ምንም ቢወጣብህ» አልኩት። ኳሱን የምመታው እኔ ነኝ። የመጀመሪያው ወደ ጎን ሄደ፤ ልጁ አልዘለለም፣ ዝም ብሎ አንስቶ አመጣልኝ። ሁለተኛው ዝቅ አለ። «ቀስ ብለሽ» አለኝ፤ ከዚያ ማለዳ ወዲህ ያናገረኝ ገና ያኔ ነው።

ሦስተኛው ወጣ። ከእግሬ ሲለይ አወቅሁት። ልጁ ሮጠ፤ አምስት፣ ስድስት እርምጃ፣ ያለ ምንም ማነከስ፤ ከዚያ መሬቱን ለቀቀ። ጉልበቱ የሰውዬውን ትከሻ ነካና ከዚያም በላይ ወጣ። የኦማ ሥዕል ትንሽ ነው የሚናገረው፤ ሥዕሉ ላይ ዝምታው የለም። ዝናቡ ራሱ የቆመ መሰለኝ። እዚያ ላይ፣ ግራጫው ሰማይ ሥር፣ እጁን ዘርግቶ ኳሱን ሲይዝ ፊቱን አየሁት፤ ቤቱ የገባ ሰው ፊት ነበር። እግዚአብሔር ሰውን ለዚህም ፈጥሮታል አልኩ በልቤ። ከዚያ በኋላ ብዙ ነገር አይቻለሁ፤ ልጅ ወልጃለሁ፣ አገሬ ተመልሼ ሐይቁንም ተራራውንም አይቻለሁ። እንዲያ ያለ ነገር አላየሁም።

ሲወርድ የጉልበቱን ድምፅ ሁላችንም ሰማን። ጭቃው ላይ በጀርባው ተዘርግቶ፣ ኳሱን ደረቱ ላይ አቅፎ ቀረ። ጋሼ ሮጠው ተንበረከኩና ጉልበቱን በሁለት እጃቸው ያዙት፤ እንባቸው ይወርዳል። እሱ ግን ወደ ጉልበቱ አላየም። ከሕመሙ መሃል፣ ጥርሱን ነክሶ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀ።

«ምን ያህል ከፍ አልኩ?»

ለጋሼ ነገርኳቸው። ጉልበቱን ቀስ ብለው አስቀመጡና ተነሱ። እጃቸውን ከራሳቸው በላይ ዘረጉ። አልበቃቸውም። በእግራቸው ጣት ቆሙ፤ ጭቃው እያንሸራተታቸው፣ በአንድ እጃቸው የእኔን ትከሻ ተደግፈው፣ ሌላውን ወደ ዝናቡ እስከሚችሉት ድረስ ሰቀሉ።

«ከዚህ በላይ» አሉ። «ከዚህም በላይ በይው።»